ከስምንት ቀጥሎ

አሰበ ተፈሪ፣ ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለዘይኑዲን።

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ከዚያ አገር ብርድና ከክፉ ባልንጀራ ይጠብቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ልጄ ሰዓዲያ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ወንድሜ ኪየቭ ነው እያለች በትምህርት ቤት ትኩራራለች፤ የአክስቷ ልጅ መሆንህን ረስታዋለች።

ዝናቡ ቀርቷል። በበደሳ በኩል ማሽላው ሳያፈራ ቆሞ ደርቋል። ከብታቸው ያለቀባቸው የቆላ ሰዎች ከተማ ገብተው በየአጥሩ ጥግ ሰፍረዋል። የእርዳታ ስንዴ ስለሚመጣ በቀበሌያችን አከፋፋይ ኮሚቴ ተቋቁሟል። እኔን ጽሕፈትህ ይነበባል ብለው መዝገብ ያዥ አደረጉኝ።

የምጽፍልህ ስለዚሁ ነው። መዝገቡ አንድ ሺህ አራት መቶ ቤት ይይዛል። ለየቤቱ አራት ጥያቄ አለ፤ ሕፃን አለ ወይ፣ ደመወዝተኛ አለ ወይ፣ ከገጠር ተፈናቅሎ የመጣ አለ ወይ፣ ሱቅ አለ ወይ። መልሱ አለ ወይም የለም ነው። ነገር ግን መዝገቡ ለሌላ ሥራ የተሰመረ በመሆኑ የቀረልኝ ዓምድ የአውራ ጣት ስፋት ብቻ ነው። አራት ቃል አይገባበትም። ባለፈው ደብዳቤህ፣ የምትሠራበት ማሽን ሁሉን ነገር በአለና በየለም ብቻ ይይዛል ብለህ ነበር። እሱ በጠባብ ቦታ እንዴት ነው የሚጽፈው?

ዓይኔም ደክሟል። የንባብ መነጽር ብታገኝልኝ ደግ ነው።

ጎረቤታችን እማማ ባየች ሰላም ብላሃለች። ዘንድሮ ወደ አሰቦት ገዳም አልሄደችም፤ ከመስከረም ወዲህ እግሯ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ናት። "ያ የተማሪ ቤት ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው በለው" ብላለች።

አጎትህ ሙሜ

*

ኪየቭ፣ ጥር 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ሙሜ።

ወዓለይኩም ሰላም። ጤናዎንና እድሜዎን አላህ ያብዛልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ሰው ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ስለቆመ በአጭሩ እጽፋለሁ።

ጥያቄዎ ሥራዬ ነው። ማሽኑ ውስጥ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ስምንት መብራቶች አሉ ብለው ያስቡ። እያንዳንዱ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። አንዱ መብራት አንዱን ጥያቄ ይይዛል። ረድፉ በሙሉ ግን እንደ አንድ ቁጥር ይነበባል።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ለሕፃን 1፣ ለደመወዝ 2፣ ለተፈናቃይ 4፣ ለሱቅ 8 ይስጡ። "አለ" የሆኑትን ብቻ ይደምሩና ድምሩን ይጻፉ። ሕፃንና ሱቅ ያለው ቤት 9 ይሆናል። ደመወዝተኛና ተፈናቃይ ያለበት ቤት 6 ይሆናል። 9ን ከ1 እና ከ8 በቀር በሌላ መንገድ ማግኘት አይቻልም፤ ስለዚህ ያየው ሰው አይሳሳትም። ጥያቄ ቢጨመርም እንዲሁ እየቀጠለ ይሄዳል።

ከትምህርቴ ጎን ለጎን የምሠራበት ክፍል ኃላፊ ታማራ የምትባል ሴትዮ ናት። ቁጥሩን እንዲሁ መጻፍ ትከለክለኛለች። "አስራ ስድስት አትበል፤ በመብራቶቹ ረድፍ ላይ አንድን አራት ቦታ ወደ ግራ ግፋው ብለህ ጻፍ፣ ምን ማለት እንደሆነም ጎኑ ላይ በስሙ አስቀምጥ፣ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ደርድራቸው" ትላለች። እንዲያ ከተደረደሩ እንደ መሰላል ሆነው ይታያሉ፤ አንዱ እርከን ከጎደለ ዓይን ይይዘዋል ባይ ናት። ለማሽኑ ሁለቱም አንድ ነው ብዬ ተከራከርኳት። "ለማሽኑ አንድ ነው። አንተ በሌለህ ቀን ለሚያነበው ሰው ግን አንድ አይደለም" አለችኝ። ለሁለት ሰዓት ሥራ አንድ ቀን ታስፈጀኛለች።

የእማማ ባየችን እጅ ሳሙልኝ። እናቴ ከሞተች በኋላ በረመዳን ለማፍጠሪያዬ፣ ለእኔ ብቻ በለየችው ንጹህ ድስት ትሠራልኝ የነበረው ሽሮ አሁንም አፌ ላይ አለ። ደብተሬን መጥቼ እወስዳለሁ በሏት።

ልጅዎ ዘይኑዲን

*

አሰበ ተፈሪ፣ መጋቢት 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘይኑዲን።

አሰላሙ አለይኩም። እጅህ ይባረክ። የደብዳቤህን ቁራጭ፣ ቁጥሮቹ ያሉበትን፣ ቆርጬ በመዝገቡ ሽፋን ውስጥ ለጠፍኩት። አንድ ሺህ አራት መቶ ቤት በአስራ አንድ ቀን ጨረስኩ።

ስብሰባ ላይ ሳሳያቸው ሊቀ መንበሩ አምባው መነጽሩን አውልቆ፣ "ሙሜ፣ ይህ ሂሳብ ነው ጥንቆላ?" አለኝ።

"የኪየቭ ሂሳብ ነው።"

"እስቲ የኔን ቤት አንብብ።"

"ልጆችህ አድገዋል። አንተ ደመወዝ አለህ፣ ሚስትህ ሱቅ አላት። አስር ነህ።"

"ከአስር አስር አገኘሁ በሉኛ" ብሎ ሳቀ፤ ሁሉም ሳቁ።

እማማ ባየችንም ቁጥርሽ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ አልኳት። ሕፃን የላት፣ ደመወዝ የላት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ሱቅ የላት። "ዜሮ ነሽ" ብላት፣ "ይህንን ለማወቅ ኪየቭ መጻፍ አያስፈልግህም ነበር" አለችኝ።

አሁን አምስተኛ ጥያቄ ተጨምሯል። አልጋ ላይ የዋለና ሰልፍ መቆም የማይችል ሰው ካለ ስንዴው ሰኞ ሰኞ ቤቱ ድረስ በአህያ ይላክለታል። ይህን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ለቁጥሩ አንተን ጠይቄ እስክትመልስ ሁለት ወር ስለሚሄድ ራሴ ሰጠሁት። ከስምንት ቀጥሎ አስር አልኩት፤ ድፍን ስለሆነ ለመደመር አይከብድም። ስለዚህ ባየችም ከዜሮ ወጥታ አስር ገብታለች። ነግሬያት፣ "ከሊቀ መንበር እኩል አደረግኸኝ" ብላ ሳቀች።

መነጽሩን አትርሳ።

አጎትህ ሙሜ

*

ኪየቭ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ሙሜ።

ወዓለይኩም ሰላም። አላህ ዓይንዎን ይጠብቅልኝ፣ ጉልበትዎን ያበርታልኝ። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ፈተና ነበረብኝ፣ ከዚያም ለሥራ ልምምድ ወደ ሌላ ከተማ ሄጄ ነበር። መነጽሩን የድሬዳዋው ልጅ ጂብሪል ያመጣልዎታል።

የመዝገቡ ሥራ መሳካቱን ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል። ከስምንት ቀጥሎ ስላለው ቁጥር፣ አስር ማለትዎ ጥሩ ሐሳብ ነው። አስራ ስድስት ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ሲመችዎ ያስተካክሉት፤ የሚያስቸኩል ነገር የለውም።

እማማ ባየች እግሯ እንዴት ሆነላት? ብርድ እንዳያገኛት አንድ ነገር እልክላታለሁ። ለሰዓዲያም ሰላም በሉልኝ።

ልጅዎ ዘይኑዲን

*

አሰበ ተፈሪ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘይኑዲን።

አሰላሙ አለይኩም። መነጽሩ ደርሶኛል፤ አላህ ይስጥህ። ግን ዓይኔ ከመነጽር አልፏል። ሐኪሙ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ብሎ ወደ ድሬዳዋ ልኮኛል። ነገ እሄዳለሁ። ሰዓዲያም እጄን ይዛ ትሄዳለች፤ አንድ ሁለት ወር ዘመድ ቤት እንቆያለን። ቤቱን ቆልፌዋለሁ።

መዝገቡን ለሽፈራው አስረክቤያለሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ጥንቁቅ ልጅ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለውን ያንተን ጽሑፍ አሳየሁት፤ ወዲያው ገባው። እንደኔ ጣት አይቆጥርም።

አስራ ስድስት ይበልጥ ያምራል ያልከውን አንብቤያለሁ። ለማማር ብዬ መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ ማብዛት አልወደድኩም፤ የመዝገብ ነገር ያስጠይቃል። ደግሞ አልጋ ላይ ያሉትን ሰዎች በየቤታቸው አውቃቸዋለሁ።

ባየች እንደ ድሮዋ ናት። ሰኞ ሰኞ አህያው ደጇ ሲቆም፣ "ሹፌሬ መጣ" ትላለች። መቼ ትመጣለህ ስትል ጠይቃሃለች።

አጎትህ ሙሜ

*

ኪየቭ፣ ጥር 15 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ።

ወዓለይኩም ሰላም። በዱዓዬ ሁሉ ዓይንዎን እያነሳሁ ነው። ሐኪሙ ምን አለ? አይተው ማንበብ ጀመሩ?

በዚህ ሰው እጅ ለእማማ ባየች የሱፍ ሹራብ ልኬያለሁ። ቡናማ ነው። ከለበሰችው በኋላ ምን እንዳለች ቃሏን ሳይቀንሱ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ዘይኑዲን

*

አሰበ ተፈሪ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘይኑዲን።

አሰላሙ አለይኩም። አላህ በሄድክበት ይከተልህ። ቀኝ ዓይኔ ተገፍፎ አይቻለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ራሴ ነኝ። ፊደሉ ቢተልቅ ለዚያ ነው።

ዝናብ በሰዓቱ ገብቷል። ማሽላ ተዘርቷል። የጫት መኪኖች እንደ ድሮው ከንጋት ጀምሮ ጡሩምባቸውን እየነፉ ይወርዳሉ። የመስጊዱ ግድግዳ ኖራ ተቀባ። ያ ጂብሪል አገባ፤ የሙሽራይቱ አባት የበደሳ ሰው ነው። ሰዓዲያ በድሬዳዋ ቆይታዋ ያመለጣትን ትምህርት እያካካሰች ነው። በገጠር ሰዉን ወደ መንደር የማሰባሰቡ ሥራ ስለተጀመረ መንገዱ በጭነት መኪና ተጨናንቋል።

ሹራቡ ደርሷል።

ለራስህ ተጠንቀቅ። የምፈልገው ነገር የለም።

አጎትህ ሙሜ

*

ኪየቭ፣ ሰኔ 19 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ።

ወዓለይኩም ሰላም። ዓይንዎ በመዳኑ አላህን አመሰግናለሁ።

ሁለት ገጽ ጽፈውልኛል። የጂብሪልን አማች ሳይቀር ነግረውኛል። ሹራቡ ደርሷል ብለዋል፤ ለበሰችው አላሉም። የእማማ ባየች ስም በሁለቱም ገጽ የለም። ደጋግሜ ፈለግሁት።

እባክዎ ይንገሩኝ።

ዘይኑዲን

*

አሰበ ተፈሪ፣ ነሐሴ 30 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘይኑዲን።

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ልብህን ያጽናልህ። እማማ ባየች ባለፈው ታኅሣሥ መጨረሻ ሞታለች። የተቀበረችው እኔ ድሬዳዋ ሳለሁ ነው። ሹራቡ ሲደርስ የሚቀበለው ስላልነበረ እኔ ቤት አለ።

እንዴት እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ ካንተ ሌላ የሚገባው ሰው የለም።

እኔ በሄድኩ በሳምንቱ ስንዴ አንሷል ተባለ። ሕፃንም ተፈናቃይም ሳይኖርበት ደመወዝም ሱቅም ያለው ቤት ይሰረዝ የሚል ትእዛዝ መጣ። ሽፈራው መዝገቡን ገለጠ፣ ሽፋኑ ላይ ያንተን ጽሑፍ አየ። ደመወዝ 2፣ ሱቅ 8። አስር የተጻፈበትን ቤት ሁሉ ሰረዘ። አርባ ሦስት ቤት ነበር። አስራ ሁለቱ እንደ አምባው ያሉ ናቸው፤ ለእነሱ ትእዛዙ ልክ ነው። ሠላሳ አንዱ ሌላ ምንም የሌላቸው፣ አልጋ ላይ ብቻቸውን ያሉ ናቸው።

አምስተኛውን ቁጥር ሽፋኑ ላይ አልጻፍኩትም ነበር። ለሽፈራውም አልነገርኩትም። አህያውንም ሰኞ ሰኞ የምልከው ቤቶቹን በቃሌ እየቆጠርኩ ነበር። የሄድኩ ዕለት ልነግረው አስቤ፣ የድሬዳዋው መኪና ሊሄድ ነው ሲሉኝ ተነሳሁ።

የሠላሳዎቹ ጎረቤቶች ኮሚቴው በር ላይ እየመጡ ጮሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ተመለሱ። ሽፈራው ግን የተመለሱት የጮኹት ብቻ እንደሆኑ አላስተዋለም፤ አስር በስህተት የተጻፈባቸው እነዚያ ብቻ መሰሉት። የባየች ጎረቤት እኛ ነን። የእኛ በር ተቆልፎ ነበር።

ውሃ የምትቀዳላት የታችኛው ሰፈር ሴት ዘውድነሽ፣ "እህሉ ቀረሳ?" ብትላት፣ "ለሁሉም ቆሞ ይሆናል፣ የኔን ብቻ አትጠይቂ" አለቻት አሉ። ዘውድነሽ ያላትን ታካፍላት ነበር፤ ያላት ትንሽ ነው። የጤና ረዳቱ የሳንባ በሽታ ነው ብሏል። እውነቱን ይሁን አይሁን አላውቅም። ሰባት ሰኞ አህያው ደጇ አልቆመም፤ እሱን አውቃለሁ።

የአምባው ቤትና የባየች ቤት በአንድ ቁጥር መጻፋቸውን ያኔም አይቼዋለሁ። ቀለድንበትም። አምባውን ከባየች የሚያምታታ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ሽፈራው ከዚያ ወዲህ በደጄ አያልፍም። በላይኛው መንገድ ይዞራል። በእሱ ላይ ጥፋት አላገኘሁበትም።

አጎትህ ሙሜ

*

ኪየቭ፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ሙሜ።

ወዓለይኩም ሰላም። አላህ እድሜ ይስጥዎ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

አስር ማለት እንደማይሆን ደብዳቤዎን ባነበብኩበት ደቂቃ አውቄያለሁ። 10 ማለት 2 እና 8 ነው። ከ8 ቀጥሎ የሚመጣው 16 ነው፤ አንድ ወደ ግራ በተገፋች ቁጥር ስለምታጥፍ፣ እያንዳንዱ ቁጥር የበፊቱ እጥፍ ነው። ይህን ከመጀመሪያው አልጻፍኩልዎትም። "እንዲሁ እየቀጠለ ይሄዳል" ብዬ አለፍኩት። እርስዎ ከ1፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 በኋላ ምን እንደሚቀጥል ከየት ያውቃሉ? ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ለአንድ መስመር ግን ይጠብቀኝ ነበር።

ሌላም አለ። አስር ማለትዎን ቢሮ ውስጥ እንደ ቀልድ አወራሁት። አጎቴ ሊቀ መንበሩንና አልጋ ላይ ያለችውን ጎረቤቱን አንድ አደረጋቸው ብዬ አሳቅኳቸው። ታማራ አልሳቀችም። "ጻፍክለት?" አለችኝ። "ጽፌያለሁ" አልኳት። አልጻፍኩም ነበር። የጻፍኩት ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ የጻፍኩትንም ያውቁታል። ይበልጥ ያምራል አልኩ። ሲመችዎ አልኩ። ለእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በኮሚቴ ፊት ለተመሰገነ ሰው፣ ተሳስተዋል ብዬ መጻፍ ብልግና መሰለኝ። ብዕሬን አንስቼ በዚያ ቃል ፈንታ የሚያምር ቃል ፈለግሁ።

አሁን በሥራዬ እሷ እንዳለችው ነው የምጽፈው። ዝም ብዬ ቁጥር አላስቀምጥም። ከላይ ስም፣ ጎኑ ላይ አንድ ስንት ቦታ እንደተገፋች፣ ከዚያ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ከዚህ በታች ለእርስዎም እንዲያ አድርጌ ጽፌያለሁ። አርፍዷል፤ አውቃለሁ።

ሕፃን አለ፤ አንድ፣ ያልተገፋች፤ 1።
ደመወዝተኛ አለ፤ አንዴ የተገፋች፤ 2።
ተፈናቃይ አለ፤ ሁለቴ የተገፋች፤ 4።
ሱቅ አለ፤ ሦስቴ የተገፋች፤ 8።
አልጋ ላይ የዋለና ሰልፍ መቆም የማይችል ሰው አለ፣ ስንዴው ቤቱ ይላክ፤ አራቴ የተገፋች፤ 16።

ደብተሬ የት ነው?

ዘይኑዲን

*

አሰበ ተፈሪ፣ ጥር 22 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለዘይኑዲን።

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ለሁለታችንም ይቅር ይበለን።

ደብተርህ ከትራሷ ሥር ተገኝቷል። የስምንተኛ ክፍል ጂኦሜትሪ ነው። ዘውድነሽ አስቀምጣው ነበር፤ አሁን ከሹራቡ ጋር እኔ ዘንድ ነው።

ደብዳቤህ ሲደርስ ሽፈራውን አስጠራሁት። አልመጣም አለ። እኔ ራሴ ቤቱ ሄድኩ። ለእኔ ወንበር ሰጥቶኝ እሱ ቆሞ ቀረ። አምስቱን መስመር አነበብኩለት። አምስተኛው ላይ ስደርስ "ድገሙልኝ" አለ። ደገምኩለት። "ይህ ሽፋኑ ላይ ቢኖር ኖሮ" ብሎ አልጨረሰውም። ከዚያ ሻይ አፈላ፤ ጠጣሁ፤ ሄድኩ። ዛሬ ጧት በደጄ አልፏል።

የስንዴው ሥራ አብቅቷል። መዝገቡ መጋዘን ገብቷል። ለምኜ አስወጣሁትና ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ አስር የተጻፈበትን ሁሉ አንድ በአንድ በቀይ ቀለም ሰረዝኩት፤ ዓምዱ ስላልበቃኝ በኅዳጉ ላይ ወደ ጎን አድርጌ የሆነውን በቃል ጻፍኩ። ስርዝ ድልዝ በዝቶበታል። አምባው አይቶ፣ "አሁን ማን ሊያነበው ነው?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። ባየች ጋ ስደርስ አልጋ ላይ ያለች ብዬ ጀመርኩና ነበረች ብዬ ጨረስኩት።

ጥፋቱን አንከፋፈል። አንተ አንድ መስመር አስቀረህ፣ እኔም አንድ መስመር አስቀረሁ። ያንተው ግን ሦስት ወር ልብህ ውስጥ ቆይቷል፤ ይህን አንብቤ ተናድጃለሁ፤ እንዳልተናደድኩ አድርጌ አልጽፍልህም። ባደረግኸው ቀልድ አልተናደድኩም፤ እኛም እዚህ ቀልደንበታል። በ"ሲመችዎ" ግን ተናድጃለሁ። ለእኔ ሁሌም ይመቸኝ ነበር።

ከእንግዲህ መነጽርም ሌላም ነገር አትላክልኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ እንደ ልጅ ሳይሆን እንደዚያች አለቃህ ሴትዮ ሁንልኝ። ስሳሳት ተሳስተዋል ብለህ ጻፍልኝ፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ከሰላምታው በፊት።

አጎትህ ሙሜ